ለአረር ጨርቅ የሚሆን ማለስለሻ፦ ከጥቀርሻ የሚያድነው የትኛው ነው?

በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ጠመንጃ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ተኩስ ላይ አረሩ አልወርድ ሲል ተኳሹ መጀመሪያ የሚያማርረው ማለስለሻውን፣ ማለትም አረሩ ተጠቅልሎ በሚወርድበት ጨርቅ ላይ የሚቀባውን ነገር ነው። ከዚያ "ይበልጥ የሚያንሸራትት" ፍለጋ ሌላ ጣሳ ይገዛል። ፍለጋው ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የጨርቅ ማለስለሻ ዋና ሥራው ማንሸራተት ሳይሆን ካለፈው ተኩስ የቀረውን ጥቀርሻ እንዳይደርቅ አርጥቦ ማቆየት ነው። እዚህ የቀረቡት ሁሉ የተመዘኑት በዚህ ነው።

ምክንያቱን ባሩዱ ራሱ ይናገራል። ጥቁር ባሩድ በክብደት 75 በመቶ ያህል ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም፤ ጠጣር ሆኖ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ ቀሪው በርሜሉ ላይ ይለጠፋል። የዚህ ቅሪት አብዛኛው ፖታሲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ሰልፌትን የመሰለ በውሃ የሚሟሟ ጨው ነው። እርጥበት ሲያገኝ እንደ ጭቃ ይለሰልሳል፣ የሚቀጥለው ጨርቅም እየጠረገ ወደ ታች ይወስደዋል። ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ባሩድ፣ ያው ቅባት ዝናባማ ቀን ላይ 15 ጊዜ ተኩሶ አየሩ ደረቅ በሆነበት ቀን በአምስተኛው የሚቆመው ለዚህ ነው።

ወደ ማለስለሻዎቹ ከመግባት በፊት ጨርቁን ማጣራት ይቀድማል። ጨርቁ ስስ ከሆነ የትኛውም ቅባት አያድነውም። ባለ .50 ካሊበር (ግማሽ ኢንች) በርሜል በውስጥ 12.70 ሚሊሜትር ነው፤ የተለመደው የ.490 አረር ደግሞ 12.45። አረሩን ለማሽከርከር በርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት ጥምዝማዝ ቦዮች እያንዳንዳቸው ሩብ ሚሊሜትር ከጠለቁ ከቦይ እስከ ቦይ 13.20 ይሆናል። 0.46 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጨርቅ በሁለቱም ወገን ሲደመር አረሩን 13.37 ያደርሰዋል፤ ቦዩን ሞልቶ ትንሽ ይጨመቃል፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው። 0.25 ሚሊሜትር ጨርቅ ቢደረግ ግን 12.95 ላይ ይቀራል፤ የጋለው ጋዝ በቦዮቹ በኩል አምልጦ ጨርቁን ያቃጥላል፣ የቀረውንም እርጥበት ያደርቃል። ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ፣ ሽመናው ጥብቅ የሆነ የትራስ ወይም የፍራሽ ልብስ ዓይነት መሆን አለበት። ስስ አቡጀዲ አይበቃም፤ ናይለንና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ደግሞ ይቀልጣል። አዲስ ጨርቅ ስታርች ስላለበት በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ ግን አይጨመርበት።

ምራቅ ከሁሉም ቀድሞ የነበረ፣ ዛሬም የማይናቅ ነው። ውሃ ስለሆነ ጥቀርሻውን ወዲያው ያሟሟል፤ ተራ ለዒላማ ተኩስ ይበቃል። ጉድለቱ መጠኑ በየተኩሱ መለያየቱ ነው፣ ስለዚህ የአረሩም መውረጃ ቦታ ይዋዥቃል። ደቂቃዎች ውስጥም ይደርቃል፣ ተጎርሶ ከቆየም በርሜሉን ያዝጋል። አረር በያዘ ጣት ጨርቅ ወደ አፍ ማስገባት ደግሞ እርሳስ እንደ መላስ ነው፤ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ውሃ በትንሽ ጠርሙስ መያዝ ይሻላል።

ከተገመገሙት ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ የሚያገኘው ባሊስቶል በውሃ ተበጥብጦ ነው። ባሊስቶል ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በጀርመን የሚሠራ፣ መሠረቱ የተጣራ የማዕድን ዘይት የሆነ ቅባት ነው። ልዩ የሚያደርገው ከውሃ ጋር መዋሃዱ ነው፤ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል። አጠቃቀሙ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እርጥቡን መጠቀም ነው፤ ጨርቁ ይነከርና በደንብ ተጨምቆ ወዲያው ይተኮሳል። ሁለተኛው፣ ለትክክለኛነት የሚመረጠው፣ አድርቆ መጠቀም ነው፤ ውሃው ተንኖ በጨርቁ ውስጥ እኩል የተሰራጨ ዘይት ብቻ ይቀራል። በደረቁ ዘዴ ውሃው መለኪያ ብቻ ነው፤ ምን ያህል ዘይት ጨርቁ ላይ እንደሚቀር የሚወስነው ድርሻው ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ 1 ለ 7 ጥሩ ነው፤ 30 ሚሊሊትር ባሊስቶል በ210 ሚሊሊትር ውሃ። ዘይትና ውሃው ስለሚለያዩ ከመነከሩ በፊት ጠርሙሱ በኃይል ይናወጥ። ጨርቁ በሰፊ ቁራጭ ተነክሮ፣ ውሃ ማንጠባጠቡን እስኪያቆም ተጨምቆ፣ ለጥ ባለ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይደር። ገመድ ላይ የሰቀለ ሰው በማግስቱ ከላይ ደረቅ፣ ከታች ዘይት የጠገበ ጨርቅ ያገኛል፤ ከዚያ ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ አንዱ ከሌላው ስለማይመሳሰል ዒላማው ላይ የአረሮቹም ክምችት ይበተናል። ከዚያ በኋላ 1 ለ 6ን እና 1 ለ 8ን እየለዋወጡ አምስት አምስት ጊዜ ተኩሶ ማነጻጸር ነው። ዘይቱ ሲበዛ ግጭቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይለወጣል፣ አረሩም ሌላ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ አንዴ ድርሻው ከተመረጠ በየሳምንቱ አይቀያየርም።

ደረቁ ዘዴ አንድ ዕዳ አለው፦ ጥቀርሻውን የሚያርስ ውሃ የለውም። በየተኩሱ መካከል በርሜሉን መወልወል ግድ ይላል። አንድ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ ረጥቦ፣ ጠብ እንዳይል ተጨምቆ፣ አንድ ጊዜ እስከ ታች ወርዶ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ተገልብጦ በሌላው ፊት ይደገማል፤ ከዚያ አንድ ደረቅ ጨርቅ። ብዙዎች እዚህ ላይ በጣም የራሰ ጨርቅ በዘንጉ (አረር በሚወርድበት መግፊያ) ጫፍ ላይ ከሚገባ ሰፊ መወልወያ ራስ ጋር ይጠቀማሉ። ውጤቱ ጥቀርሻውን እንደ ፒስተን ወደ በርሜሉ ግርጌ ገፍቶ የእሳቱን መተላለፊያ ቀዳዳ መድፈን ነው። ቀጣዩ ተኩስ ቢከሽፍ ጥፋቱ የባሩዱ አይደለም። መወልወያው ራስ ሲወርድ ጥቀርሻውን አልፎ የሚንሸራተት፣ ሲወጣ ጨርቁ ተሰብስቦ የሚጠርግ ያህል ጠበብ ያለ ይሁን።

ቦር በተር በሚል ስም በቱቦ የሚሸጠው ቢጫ ቅባት በምቾቱ አንደኛ ነው፤ በጣት ጨርቁ ላይ ማሸት ብቻ። መጠነኛ እርጥበት ባለበት አየር ጥቂት ተኩሶችን ያለ መወልወል ያስኬዳል። በሙቀት ግን እንደ ዘይት ይቀጥናል፣ በብርድ ደግሞ ይጠጥራል። ተቀብተው የሚሸጡ ጨርቆችም ሲያረጁ ይዳከማሉ፤ በሁለት እጅ ሲጎተት በቀላሉ የሚቀደደውን መጣል ነው። አንዳንድ የቅባት ማሸጊያዎች ላይ በርሜልን እንደ ብረት ምጣድ "ማሟሸት" ይቻላል የሚል ተስፋ ይነበባል። የጠመንጃ ብረት ምጣድ አይደለም፤ በቅባት ላይ ቅባት መደራረብ ጥቀርሻን ከሥር አፍኖ ዝገት መጋበዝ ነው።

ሞራና የንብ ሰም ለአደን የሚመረጡ ናቸው። ጠመንጃው ጎርሶ ለሰዓታት ሲያዝ ውሃ ያለበት ማለስለሻ ሁሉ ወይ ይደርቃል ወይ ባሩዱን ያረጥባል፤ ሞራ ግን ባለበት ይቆያል። ለቀዝቃዛ አየር አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ሞራ፣ ለሞቃት አየር አንድ እጅ ሰም በሁለት እጅ ሞራ ጥሩ መነሻ ነው። ሰም ለመቅለጥ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፣ የበሬ ሞራ ግን ገና ከ40 ጥቂት ከፍ ሲል ይቀልጣል፤ ሰሙ የሚጨመረው ለዚህ ነው። የሚቀልጠው የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይደለም። ለጠመንጃ ሞራ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ ለተነሳው ዓመፅ አንዱ መነሻ የኤንፊልድ ጠመንጃ የጥይት ወረቀት የላምና የአሳማ ሞራ ተቀብቷል የሚለው ወሬ ነበር። ለበርሜሉ የየትኛውም እንስሳ ሞራ ያው ነው፤ ጨው ብቻ አይኑርበት። ጨው ያለበት የማዕድ ቤት ስብ ብረት ይበላል። ሞራ ያላገኘ ሰው የወይራ ዘይትን ከሰም ጋር ይጠቀማል፣ አንድ እጅ ሰም በአምስት እጅ ዘይት፤ ግን ሲቆይ ይሻግታልና በብዛት አይዘጋጅ።

የሳሙና ውሃ፣ የመኪና መስታወት ማጽጃ፣ አልኮል የተጨመረበት ውሃ፦ እነዚህ ጥሩ ማጽጃዎች ናቸው፣ ለእርጥብ ተኩስም ይሠራሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚገባበትን ውህድ ግን በርሜል ውስጥ ማፍሰስ አይገባም፤ ጥቀርሻውን አረፋ ያደርጋል፣ ብረቱንም ያዝጋል። የጉሎ ዘይት በአልኮል ተቀጥኖ ጨርቅ ላይ ሲደርቅ ከባሊስቶል ብዙም አይርቅም።

የሞተር ዘይትና የመኪና ግሪስ ከዝርዝሩ ይውጡ። ከባሩዱ ሙቀትና ቅሪት ጋር ሲገናኙ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናሉ። "ከነዳጅ የተገኘ ነገር ፈጽሞ አይነካ" የሚለው ሕግ ግን ተጋኗል፤ ባሊስቶልም መሠረቱ የማዕድን ዘይት ነው። ልዩነቱ በማጣሪያውና በጭማሪዎቹ ላይ ነው። በተረፈ ለማስቀመጫ በርሜሉ የተቀባው ዘይት ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት በአልኮል ጨርቅ ተጠርጎ ይውጣ።

የተመረጠው ማለስለሻ መሥራቱን የሚነግረው የተተኮሰው ጨርቅ ነው። ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ጥቂት እርምጃ ላይ ወድቆ ይገኛል። መሐሉ ሙሉ፣ አረሩ ያረፈበት ክብ የሚታይ፣ ዳሩ ብቻ የተተለተለ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። መሐሉ ተቃጥሎ ከተቀደደ ቅባቱ አንሷል ወይም ጨርቁ ስስ ነው። በክቡ ዙሪያ ቀጥ ቀጥ ያለ መቆረጥ ካለ ጥፋቱ ከማለስለሻው አይደለም፤ የቦዮቹ ጠርዝ ወይም የአፈሙዙ ከንፈር ስለት ሆኗል። ጨርቁ ከነሙሉ ቅባቱ ረጥቦ ከወደቀ በዝቷል፤ ትርፉ ባሩዱን ያረጥባል፣ ተኩሱም ይዘገያል።

አንድ ችግር በቅባት ብቻ አይፈታም። ከባሩዱ በላይ፣ አረሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠንካራ የጥቀርሻ ቀለበት ይሠራል። በተለይ ትሪፕል ሰቨን የተባለው ተተኪ ባሩድ በዚህ ይታወቃል። ዘንጉ ልክ ሊደርስ ሲል ይቆማል፣ ተኳሹም ደርሷል ብሎ ያምናል። አረሩና ባሩዱ ተለያይተው ከተተኮሱ በርሜሉ ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ በንጹሕ በርሜል አረሩ ባሩዱ ላይ ሲያርፍ ዘንጉ በአፈሙዙ ልክ ምልክት ይደረግበት፤ ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ከቀረ አይተኮስ። ገፍቶ ማውረድ ካልተቻለ ባሩዱን ውሃ አጥግቦ አረሩን በመንቀያ ብሎን ማውጣት ነው። ቀለበቱን የሚያጠፋው በየተኩሱ አንድ እርጥብ ጨርቅ ነው።

ምርጫውን ለመጨረስ አንድ ቀላል ፈተና ይበቃል። በባለ .50 በርሜል 70 ግሬን፣ ማለትም 4.5 ግራም ያህል ባሩድ፣ አንድ ዓይነት ጨርቅና አንድ ማለስለሻ ተይዞ ያለ መወልወል 10 ጊዜ ይተኮስ፤ ዘንጉ ሲወርድ የሚጠይቀው ጉልበት በየተኩሱ ይመዝገብ። አሥረኛው እንደ መጀመሪያው በልኩ ከወረደ ማለስለሻው ለዚያ አየር ይሆናል። አምስተኛው ላይ መዶሻ ካስፈለገ ጨርቁን በአንድ ደረጃ ማወፈር ወይም እርጥበቱን መጨመር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ ግን የትኛው እንደሠራ አያውቅም።