ገንዘቤን አልቀበልም ላሉኝ ተርጓሚ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። ግን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዴ እጄ ሳይገባ አፌን መክፈት አልፈለግሁም። ውጭ አገር የቆየ ሰው ያውቀዋል፤ ካርዱ ሳይያዝ ደስታ አይወራም። ባለፈው ሳምንት ደረሰልኝ። እናም ዛሬ የማወራላችሁ፣ እዚህ ለመድረሴ ከማንም በላይ ስላገዙኝ አንዲት ተርጓሚ ነው።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ፈቃድ ስጠይቃቸው «ስሜን ካወጣሽው ስልኬ አያርፍም፤ ስልክ ሳነሳ ከዋልኩ ሥራዬን ማን ይሠራልኛል?» ብለው ከለከሉኝ። የእውነት የቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። በዕድሜ እናቴን ያክላሉ። ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ በራሳቸው ፊርማና ማኅተም የሚተረጉሙ ሕጋዊ ተርጓሚ ናቸው።

ከአገር ከወጣሁ 11 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት ሌላ አገር ኖሬያለሁ፤ የተጋባነውም እዚያው ነው። ታዲያ ለቋሚ ፈቃድ ሳመለክት የተጠየቅሁት ወረቀት ብዛቱ የሚያስፈራ አልነበረም። ከትውልድ አገሬ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከተጋባንበት አገር የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ከዚያው አገር ደግሞ ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ። ሦስቱም ነበሩኝ። ለቀጠሮዬ ገና አሥር ሳምንት ቀርቶኛል። «እንግዲህ ማስተርጎም ብቻ ነው» ብዬ ወረቀቶቹን በላስቲክ ከረጢት አቅፌ፣ ገንዘቡን በፖስታ ቆጥሬ ሄድኩ።

ሴትዮዋ ወረቀቶቹን ተቀበሉና አንድ በአንድ ገልብጠው አዩ። ያዩት ጀርባቸውን ነው። ከዚያ ሦስቱንም ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣

«ልጄ፣ ይህን ዛሬ አልተረጉምልሽም» አሉኝ።

ሥራ የበዛባቸው መስሎኝ ፖስታውን ላወጣ ስል፣ «ያዥው። ዛሬ ብተረጉምልሽ ከወር በኋላ ተመልሰሽ ሁለተኛ ትከፍይኛለሽ። እኔ ደግሞ አንድን ሥራ ሁለቴ መሥራት አልወድም» አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ለአርባ ደቂቃ ያህል አስተማሩኝ። ለዚያ አርባ ደቂቃ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

የቀረኝ ነገር ማረጋገጫ ነበር። ወረቀት ከአንድ አገር ወጥቶ ሌላ አገር ቢሮ ሲገባ፣ የተቀባዩ ሠራተኛ የፈራሚውን ፊርማ በምን ያውቀዋል? ለዚህ ነው ወረቀቱ በወጣበት አገር መጀመሪያ የሚረጋገጠው። ትርጉም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ማረጋገጫው ላይ ያለው ጽሁፍና ማኅተምም አብሮ መተርጎም አለበት። እኔ ነገሩን ገልብጬ ይዤው ነበር። ስንቶቻችን እንደዚህ ገልብጠን እንደምንከፍል አስቡት።

አፖስቲል የሚለውን ቃል ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ እኔም ሰምቼ «የሆነ ማኅተም» ነው ብዬ አልፌው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ሄግ ላይ በተደረሰ ስምምነት መሠረት ለወረቀት የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። ስምምነቱ፣ አባል አገሮች አንዱ የሌላውን መንግሥታዊ ወረቀት በዚህ በአንድ ምስክርነት ብቻ እንዲቀበሉ የተዋዋሉበት። ሴትዮዋ ከመሳቢያቸው ናሙና አውጥተው አሳዩኝ። ጎኑ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፣ ርዕሱ በፈረንሳይኛ፣ ውስጡ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች። 8ኛው ላይ መለያ ቁጥሩ አለ፤ የሰጠው ባለሥልጣን መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ተጠራጣሪ ቢሮ በዚያ ቁጥር ማጣራት ይችላል። «ልብ በዪ» አሉኝ፣ «ይህ የሚመሰክረው ፊርማው፣ የፈራሚው ሥልጣንና ማኅተሙ ትክክል መሆናቸውን ብቻ ነው። ውስጡ ያለው እውነት ይሁን ውሸት አያገባውም። ስምሽ ተሳስቶ የተጻፈ እንደሆነ ስህተቱን በክብር ያጸድቅልሻል።»

ይህ ግን የሚሠራው ወረቀቱን ያወጣው አገርም የሚቀበለው አገርም አባል ሲሆኑ ነው። አንዱ ካልሆነ አሮጌው ሰንሰለት ይጠብቃችኋል። የወጣበት አገር ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ የሚሄድበት አገር ኤምባሲ ያረጋግጠዋል፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ሌላ መሥሪያ ቤት ይገባል። ለጋብቻውና ለፖሊሱ ወረቀት አፖስቲል በቃኝ። የልደት ወረቀቴ ግን ሰንሰለቱ ደረሰበት፤ ወንድሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረፋ ይዞልኛል፣ የእሱ ምስጋና ለብቻው ነው።

የአባላቱ ዝርዝር ደግሞ ይለወጣል። ቻይና በኖቬምበር 2023፣ ካናዳ በጃንዋሪ 2024 ነው ስምምነቱ የጸናባቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ጉዳዩን የጨረሰ ጓደኛ በሙሉ ልቡ የሚሰጣችሁ ምክር ዛሬ ገደል ሊከታችሁ ይችላል ማለት ነው። ዝርዝሩ ስምምነቱን ባዘጋጀው ድርጅት፣ በሄግ ጉባኤው ድረ ገጽ ላይ አለ። ሴትዮዋ ራሳቸው፣ ስንት ዓመት የሠሩበት፣ ፊቴ ከፍተው አይተው ነው የነገሩኝ። በቃሌ አውቀዋለሁ አላሉም።

ቀጥሎ ፓስፖርት ጠየቁኝ። «ለትርጉም ፓስፖርት ምን ያደርጋል?» አልኩ በሆዴ። የፎቶው ገጽ ግርጌ ላይ ያሉትን፣ ማሽን የሚያነባቸውን ሁለት መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው፤ ከመጀመሪያው ውስጥ ለስም የተመደበው 39 ብቻ ስለሆነ ረጅም ስም ያለው ሰው እዚያ ላይ ይቆረጥበታል። የእኔ አልተቆረጠም። ግን የጋብቻ ወረቀቴ ላይ ስሜ አንድ ፊደል ተደግሞበት ተጽፏል! ተጋብተን ስንት ዓመት፣ እኔም ባለቤቴም አላየነውም።

«ትርጉሙ ላይ ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። «እኔ ማን ሆኜ?»

እውነታቸውን ነው። በፊት አንድ ጊዜ፣ በሌላ ጉዳይ፣ ሌላ ተርጓሚ በቅንነት ስሜን «አስተካክሎልኝ» ትርጉሙና ዋናው ወረቀት አልገጥም ብለው ተመልሶብኛል። ተርጓሚ ያለውን እንዳለ ይተረጉማል፤ ስህተት ካየ ግርጌ ላይ ማስታወሻ ያሰፍራል፤ የማረም ሥልጣን ወረቀቱን ያወጣው መሥሪያ ቤት ነው። ያለኝ ምርጫ ሁለት ነበር፦ ወረቀቱን ከምንጩ ማሳረም፣ ወይም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በቃለ መሐላ ማረጋገጥ። የትኛው ይበቃል ስላቸው «እሱን እኔም አላውቅልሽም። የሚያውቀው የሚቀበልሽ ቢሮ ነው። በጽሁፍ ጠይቂ፣ መልሱን አትመሽ ከወረቀቶቹ ጋር ያዥ» አሉኝ። ጠየቅሁ፤ ቃለ መሐላው ይበቃል አሉኝ። በቀጠሮዬ ቀን መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ የስሙን ልዩነት አይቶ ቅንድቡን ሲያነሳ፣ ያንን የታተመ ኢሜይል ነው ያወጣሁለት። ቅንድቡ ወረደ።

ያን ዕለት የሠሩልኝ ሌላው ነገር የቀን ስሌት ነው። አሮጌ ፖስታ አነሱና ጀርባው ላይ ከቀጠሮዬ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ጻፉ። በጣም የሚዘገየው፣ ሰንሰለት የሚጠብቀው የልደት ወረቀት፣ ዛሬውኑ ይጀመር። የፖሊሱ ማስረጃ መጨረሻ ላይ ይውጣ፤ ወረቀቱ ራሱ ላይ ማብቂያ ቀን ባይኖረውም ብዙ ቢሮዎች ከ3 ወር፣ ቢበዛ ከ6 ወር በላይ የቆየውን አይቀበሉም። የእኔው አራት ወር ሆኖት ነበር፤ የሚቀበለኝ ቢሮ የሚፈልገው ደግሞ የ3 ወሩን ነው። «ቀድሜ ስላወጣሁት ጎበዝ ነኝ» ብዬ ስኮራበት የነበረው ወረቀት! እሱን ጥዬ አዲስ አዘዝኩ። ያ ፖስታ እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣችን በር ላይ ተለጥፏል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የጋብቻው ወረቀት አፖስቲሉን ይዞ በፖስታ መጣ። አሁን የማወራው የራሴን ቂልነት ነው። ስካን ሳደርገው ገጹ አልዘረጋ አለኝ። ስቴፕሉን በቢላ ጫፍ ነቀልኩት፣ ስካን አደረግሁ፣ መልሼ በራሴ ስቴፕለር መታሁት። ንጹህ ሥራ።

ሴትዮዋ ገና በእጃቸው ሲይዙት አወቁ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ሁለቱን ትርፍ ቀዳዳዎች አዩና «ይህን ማን ነካው?» አሉኝ። የትምህርት ቤት ልጅ ሆንኩ። አፖስቲሉ በተለየ ወረቀት ላይ ከሆነ፣ ከዋናው ጋር ያያዘው ነገር ራሱ የማስረጃው አካል ነው፤ አንዴ ከተነቀለ ያ ምስክርነት የየትኛው ወረቀት እንደነበር ማን ያውቃል? ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም በዕድል ነው አሉኝ። በዕድል መሄድ ስላልፈለግሁ የተጋባንበት አገር የቀረችውን፣ አፖስቲሉን ያስደረገችልኝን ጓደኛዬን በድጋሚ አስቸገርኳት። አዲሱ የደረሰው ቀጠሮዬ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። እሳቸው ሌላ ሥራ አቁመው በሁለት ቀን አደረሱልኝ፣ ለጥድፊያው ጭማሪ አልጠየቁኝም። ቁጣቸውን ግን በነፃ አልነፈጉኝም።

ትርጉማቸውን ባለቤቴ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር አስተያይቶታል፤ የደበዘዘውን ክብ ማኅተም ሳይቀር «ክብ ማኅተም፣ ከፊሉ የማይነበብ» ብለው አስፍረውታል። ቀንን በቁጥር ብቻ አይጽፉም፤ 03/04 ለአንዱ ኤፕሪል 3 ነው፣ ለሌላው ማርች 4፣ ስለዚህ ወሩን በቃል ይጽፋሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ባይገናኝም። ልጄ አስም አለበት፤ ከበፊቱ ሐኪሙ የተጻፈውን ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ አስተርጉሜ ነበር። ደብዳቤው መድኃኒቱን «አልቡቴሮል» ይለዋል፤ እዚህ ፋርማሲ የሚሸጠው ግን «ሳልቡታሞል» ነው። ያው አንድ መድኃኒት ነው፤ የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ የሚጠራበት፣ ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ስሙ። ትርጉሙ ላይ ደብዳቤው ያለውን እንዳለ ጻፉና ዓለም አቀፍ ስሙን በግርጌ ማስታወሻ አመለከቱ፤ መጠኑን አልነኩም፣ «ሐኪም ያረጋግጥልሽ» ብለው መለሱኝ። የትምህርት ቤቱ ነርስ ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሏት ብትሰጠውስ ብዬ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም። በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ነው ሰው የሚቀበሉት። ዛሬ ሰጥቼ ዛሬ ልውሰድ ለሚል ሰው አይሆኑም፤ ተናደውም ያውቃሉ። ከወረቀት ውጪ የሆነ ነገር ብትጠይቋቸውም አይመልሱም። እኔ ስለ ግብር፣ በዓመት 183 ቀን የቆየ ሰው ግብር ከፋይ ይሆናል ስለሚባለው ሕግ አንስቼ «እሱን የግብር አዋቂ ጠይቂ፣ እኔ የማላውቀውን አልሸጥም» ተብያለሁ። በጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ የግብር ባለሙያው ቀን ከመቁጠር ባለፈ ቋሚ ቤቴ የት እንደሆነ፣ ቤተሰቤ የት እንደሚኖር ሁሉ እየጠየቀ ሲያጣራ፣ ዝም ማለታቸው ገባኝ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ የመጀመሪያ ቀን ገንዘብ ይዛችሁ አትቸኩሉ፣ ምናልባት አይቀበሏችሁም። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ የትዳር ጓደኛና የልጆች ስም ያለበት ወረቀት ከሆነ የእነሱንም። የሚቀበላችሁ ቢሮ የሰጣችሁን የወረቀት ዝርዝር አትማችሁ ውሰዱ፣ በቃል ብትነግሯቸው አይሰሙም። ቀጠሮ ካላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ።

እኔ እንደላክኋችሁ ብትነግሯቸው ደግሞ አትደንግጡ፤ ከሰላምታ በፊት ስቴፕሉን ነው የሚያዩት።