ለሚያብጥ የፈረስ እግር የገዛሁት ፋሻ፦ አራት ወር ጠቅልዬ ያየሁት

ለቸኮለ ሰው መጀመሪያ ልንገር፦ ፋሻው ይሠራል። ግን ፈረሱ ካልተራመደ አይሠራም፣ የእግሩ ጸጉር ካልተላጨ አይሠራም፣ እናንተ በየቀኑ ጎንበስ ብላችሁ ካልጠቀለላችሁ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። «እኔ ለዚህ ጊዜ የለኝም» የሚል ካለ ገንዘቡን ይያዝ።

ፈረሴ ዳማ ይባላል። ሻየር የሚባለው ግዙፍ የጎታች ፈረስ ዘር ነው፣ 900 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከጉልበቱ በታች ነጭ ጸጉር እንደ ሰፊ ሱሪ ለብሷል። የሸወደኝ ያ ጸጉር ነው። ውበቱን እያደነቅኩ ከሥሩ ያለውን ቆዳ ሳልዳስስ ኖርኩ። አንድ ቀን እጄን ሳስገባ ከሰኮናው በላይ ያለው ቆዳ ተጣጥፏል፣ በእጥፋቱ መሀል ርጥብ ነው፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ጠጣር እብጠቶች አሉ። ሽታውን ተዉት።

ቀደም ብሎ የሆነ ሰው «የጭቃ ቁስል ነው» ብሎኝ ቅባት ስለቀልቅ ከርሜያለሁ። ሐኪሟ እግሩን አስላጭታ ካየችው በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ሥር የሰደደ የሊምፍ እብጠት፣ ማለትም በሥጋ መሀል ውሃ እየተጠራቀመ የሚመጣ እብጠት። በሰው ላይ ዝሆኔ የምንለውን እግር አስቡት፣ መልኩ ወደዚያ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች በሻየር፣ በክላይድስዴልና በቤልጂየም ጎታች ፈረሶች ላይ ይህን በሽታ በዝርዝር ገልጸውታል። ፈውስ የለውም። ማዘግየት ግን ይቻላል፣ ፋሻውም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ፈረስ ከፊት ጉልበቱና ከኋላ ቁርጭምጭሚቱ በታች ጡንቻ የለውም። ጅማትና አጥንት ነው። ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ መሀል የሚቀረውን ውሃ (ሊምፍ የሚባለው እሱ ነው) ወደ ላይ የሚገፋው በዋናነት እርምጃው ነው፤ ሰኮናው መሬት በነካና በተነሳ ቁጥር ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። በእነዚህ ዘሮች ላይ ደግሞ ቆዳውንና የሊምፍ ቱቦዎቹን እንደ ላስቲክ ሳብ አድርጎ የሚመልሰው ኤላስቲን የሚባለው ነገር ደካማ ነው። ውሃው ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ቆይቶ ይጠጥራል። ውሃውን መጭመቅ ትችላላችሁ፣ የጠጠረውን ግን አትመልሱትም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ትንሽ ብቻ የሚለጠጥ ፋሻ ነው፣ ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ስፖንጅ አብሮት ይመጣል። «ትንሽ ብቻ የሚለጠጥ» የምትለዋን አትለፏት፤ ሁሉ ነገር እሷ ናት። እኔ መጀመሪያ ሻጩ «ያው ነው» ስላለኝ እንደ ጎማ የሚለጠጠውን ተራ ፋሻ ገዝቼ ነበር። ያው አይደለም! ያኛው ፈረሱ ቆሞም ሳለ ሌት ተቀን እግሩን ያንቃል፣ ሲራመድ ደግሞ አብሮ ይለጠጥና ጫና አይፈጥርም። ይሄኛው በተቃራኒው ነው። ፈረሱ ሲቆም ለስለስ ይላል፣ ሲራመድ ግን እንደ ግድግዳ ሆኖ እግሩን ይቋቋመዋል፣ ውሃውም ወደ ላይ ይገፋል። ለዚህ ነው ጠቅልሎ ጋጣ ውስጥ ማሰር ከንቱ የሚሆነው።

እኔ በቀን ሁለቴ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ በልጓም እየሳብኩ አንሸራሽረዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ፋሻውን በየቀኑ እየፈታሁ እንደገና ጠቀለልኩ፣ ምክንያቱም እግሩ ሲቀንስ ፋሻው ይላላና ቁልቁል ይንሸራተታል። ከሰኮናው ጀምሮ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ እየሸፈነ። በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው የኋላ ግራ እግሩ ከ41 ሴንቲ ሜትር ወደ 37 ወረደ። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። ዳማ ራሱ እግሩን በቀላሉ ማጠፍ ጀመረ፣ ሰኮናውን ለመጥረብ ሲነሳለትም እንደ ድሮው አይጨቃጨቅም።

ታዲያ ፋሻው ብቻውን አልነበረም። ከመጠቅለሌ በፊት ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ቆዳው ታጥቦ ደርቋል (ማድረቁ ከማጠቡ ይከብዳል)፣ ተባዩም ታክሟል። ረጅም ጸጉር ባላቸው እግሮች ላይ ኮሪዮፕቴስ የሚባል የእከክ ተባይ ቤቱን ይሠራል። ፈረሱ እግሩን መሬት ላይ የሚደበድበው፣ አንዱን እግር በሌላው የሚፈትገው በእሱ ነው። ተባዩ የሚኖረው ቆዳው ላይ ስለሆነ በአፍ የሚሰጠው መድኃኒት አጥጋቢ ላይሆን ይችላል፤ እኛ በድኝ እጥበት ነው የተገላገልነው፣ ከሳምንት በኋላም ደግመነዋል። ተባይና ያልታከመ ቁስል ባለበት እግር ላይ ፋሻ መጠቅለል ችግሩን አፍኖ ማራባት ነው።

አሁን ወደ ምሬቴ። አንድ ፋሻ አይበቃም። ሲታጠብ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥቡን ደግሞ መጠቅለል አይቻልም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት ያስፈልጋል፣ ማሸጊያው ላይ ግን ይህን የሚል ቃል የለም። ማያያዣው ከሁለት ወር በኋላ መያዝ ስላቆመ አሁን በፕላስተር ነው የማስረው። መመሪያው ደግሞ ስድስት ሥዕል ብቻ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ፈረስ ቀጭን የግልቢያ ፈረስ ነው፣ የእኔን ግንድ የመሰለ እግር አያውቀውም። አጠቃለሉን ሐኪሟ ፊት ለፊቴ ሠርታ ባታሳየኝ ኖሮ ጅማቱን እጎዳው ነበር። እናንተም መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ያሳያችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለ፣ ፈረሱ ካነከሰና ካተኮሰው ያ ሌላ ነገር ነው፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ፋሻ ፍለጋ አትሂዱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ። ቆሞ አድሮ የሚያብጥና ትንሽ ሲራመድ የሚጎድል እግርም አለ፤ እሱ ቀለል ያለ ነው።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን ነጥብ የቀነስኩት በማያያዣውና በመመሪያው ነው። አሁን በየቀኑ መጠቅለሉን ትቼ እግሩን ወደሚያጠብቅ ካልሲ መሸጋገር ጀምሬያለሁ። ጸጉሩን ግን መልሼ አላሳድግም፣ ዳማ ያለ ሱሪው ትንሽ ያስቃል፣ ይሁን። የኋላ ግራ እግሩ ላይ ያሉት ባቄላዎችም እዚያው ናቸው፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ እጄን አስገብቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ስዳስሳቸው።