ከሐራጅ የገዛኋቸው የመዳብና የነሐስ ዕቃዎች፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዱን ቶሎ ለሚፈልግ፦ ድስቱን ወድጄዋለሁ። ሙቀጫውን ከማድ ቤት አስወጥቼዋለሁ። ኩስኩስቱ ደህና ነው። ትሪውን የሚነካብኝ ሰው ግን ወዮለት።

የገዛኋቸው እዚሁ ደሴ፣ የውርስ ክርክር የነበረበት ቤት ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው «ልዩ ልዩ የነሐስ ዕቃ» የሚል ብቻ ነበር። አራቱም ባንድ ላይ፣ ባንድ መነሻ ዋጋ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሳይ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው አንብቦ ያልፈዋል።

ተፎካካሪዬ ማን መሰላችሁ? ቅርስ ሰብሳቢ እንዳይመስላችሁ። ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ከቆራሌዎች እየተቀበለ የሚያስረክብ። ድስቱን ባንድ እጁ አንስቶ መዘነው፣ አስቀመጠው፣ በስልኩ አሰላ። ጌጡን ዞር ብሎም አላየው። ለሱ ሁሉም ነገር ኪሎ ነው። ስለዚህ ሐራጅ ከመሄዳችሁ በፊት የሰሞኑን የቁርጥራጭ መዳብ ዋጋ ጠይቁ። ከዚያ በታች አታገኙም። ትንሽ ከፍ ስትሉ ደግሞ እሱ ይተወዋል፣ ሜዳው የናንተ ይሆናል። ስንቱ ደህና ድስት በዚህ መንገድ ሄዶ እንደቀለጠ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሻጭ የሚነግራችሁን ታሪክ ግን ዋጋ ውስጥ አታስገቡ። ደሴ ውስጥ አሮጌ የተባለ ዕቃ ሁሉ «ከንጉሥ ሚካኤል ቤት የወጣ» ነው። የሚባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ አይጠየፍ በተባለው የንጉሡ የግብር አዳራሽ ውስጥ ለእንግዳ መቀመጫ ባልተረፈ ነበር። እኔ የማምነው ማግኔት ነው። መዳብ፣ ነሐስና ናስ ማግኔት አይስባቸውም። ከሳበ፣ ከላይ የተቀባ ብረት ነው። ቀጥሎ ቂጡን ገልብጬ ጭረት አያለሁ። ቀይ ከሆነ መዳብ፣ ቢጫ ከሆነ ናስ። ነሐስ መዳብና ቲን ነው፣ ናስ መዳብና ዚንክ። ገበያ ላይ ሁሉም «ነሐስ» ነው የሚባለው፤ ማድ ቤት ስትገቡ ግን ልዩነቱ ይመጣል።

ወደ ድስቱ ልምጣ። መዳብ ነው፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ። ጎኑ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ቢጫ መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ሁለቱ የመዳብ ጫፎች ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው በናስ የተበየዱበት ቦታ ነው። በእጅ መሠራቱን ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር የለም። ችግሩ ውስጡ ነበር። የድሮ ልባጡ አልቆ መዳቡ ፊት ለፊት ይታያል።

ጎረቤታችን ሐጂያ ገና በር ላይ እንዳዩት ጮኹ። «ልጄ፣ ውስጡ ቀልቷል እኮ! በዚህ ወጥ ልትሠሪ ነው?»

«አይ ሐጂያ፣ አስለብጠዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ከይር። እናቴ ቤት እንዲህ ሲቀላ ውኃ ብቻ ነበር የሚሞቅበት።»

ልክ ናቸው። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ እርጎ፣ ኮምጣጣ ነገር ሁሉ ያልተለበጠ መዳብ ውስጥ ሲቆይ መዳቡን ይፈታዋል። ከዚያ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። የድሮ ሰዎች ድስቱን በቲን የሚለብጡት ለዚህ ነበር። ቲን ስል የጣሪያውን ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም። ብርማ፣ ለስላሳ፣ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ማዕድን ነው።

ማስለበጡ ከመግዛቱ በላይ አስለፋኝ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ባለሙያ «ቀላል ነው፣ በስታኞ እሞላልሻለሁ» አለኝ። ኧረ በስማም! ስታኞ የሬዲዮ ጠጋኝ ሽቦ የሚበይድበት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም እርሳስ አለበት። እርሳስ ደግሞ በወጥ የሚበላ ነገር አይደለም። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ማንም «በስታኞ ልለብጥልሽ» ቢላችሁ ድስታችሁን ይዛችሁ ውጡ። በመጨረሻ ንጹሕ ቲን ካዲስ አበባ አስመጥቼ ሥራውን የሚያውቅ አንጥረኛ አገኘሁ። ድስቱን በአሲድ አጥቦ ከሰል ላይ አዞረው። አሞኒየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ሲነሰንስበት ነጭ ጭስ ቤቱን ሞላው። ቲኑን ጣል ሲያደርግ ወዲያው ፈሰሰ። ከዚያ የጥጥ ጥቅል ይዞ ከመሀል ወደ ጠርዝ ጠረገው። ቀዩ ባንድ አፍታ ብር ሆነ። ልባጡ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ይላል፤ የእጅ ሥራ እንዲህ ነው።

አበሳሰሉስ? መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ አሉሚኒየምን ወደ እጥፍ ይጠጋበታል፣ ስቴይንለስን ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ ያስከነዳዋል። ይሄ በወሬ አይደለም የሚታየው፣ ሽሮ ላይ ነው። ሽሮው ከዳርም ከመሀልም እኩል ይንተከተካል። መሀሉ አርሮ ዳሩ የሚቀዘቅዝበት ነገር ቀርቷል። ቅቤ ሳነጥርበት ደግሞ ልዩ ነው፤ እሳቱን ስቀንስ ወዲያው ይታዘዛል። ምስርና ባቄላ ላይ ግን ተአምር አትጠብቁ። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ውኃው እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የትኛውም ክዳኑ ክፍት ድስት ይህን አይቀይረውም። ባቄላ የቸኮለ ፕሬዠር ኩከር ይግዛ።

የእኛ አበሳሰል ለቲን ፈተና የሚሆነው ሽንኩርት ላይ ነው። ዶሮ ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን በደረቁ ነው የምናቁላላው፣ ያውም ለረጅም ሰዓት። ባዶ ድስት ከሰል ላይ ሲቀመጥ 232 ዲግሪን ሳታውቁት ያልፈዋል። ያኔ ቲኑ ይንጠባጠባል፣ ወደ ዳር ይሸሻል፣ መዳቡ ይገለጣል። እኔ ሽንኩርቱን በሌላ ድስት አቁላልቼ ወጡን እዚህ እጨርሰዋለሁ። ለገንፎም አላወጣውም፤ ያ ሁሉ መታሸት ልባጡን ይበላዋል። ማማሰያው የግድ እንጨት ነው። የብረት ሽቦ አይነካውም፣ ውጭውን ግን በሎሚና በጨው አሽቼው ቶሎ አለቀልቀዋለሁ። የተነጠረውን ቅቤ ደግሞ እዚያው አላስቀምጥም፤ ባዶ መዳብ የነካው ቅባት ቶሎ ይበላሻል። ኢንዳክሽን ምድጃ (ማግኔት በሚስበው ዕቃ የሚሠራው) ያላችሁ ሰዎች ይህን ሁሉ እርሱት፣ ምድጃው ድስቱን አያውቀውም።

ሙቀጫው ከባድ፣ ቆንጆ፣ ዘነዘናው ሲመታ ሰፈር የሚሰማ ነው። ናስ ነው። ችግሩ የድሮ ናስ ውስጥ እርሳስ መቀላቀል የተለመደ ነበር፣ ኮረሪማ በተወቀጠ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይፋቃል። ሳሎን ዕቃ ሆኗል። ኩስኩስቱ አፉ ጋ ስለተጣመመ ያንጠባጥባል፤ እንግዳ ሲመጣ እጅ ለማስታጠብ ግን ያምራል።

ትሪው የሁሉም ንጉሥ ነው። ዙሪያውን ሐረግ ተቀርጾበታል፣ መሀሉ ላይ ባለስምንት ማዕዘን ኮከብ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የቀረጸው ሰው መሮ ጫፉ የተሰበረ መሆን አለበት፤ አንደኛው ወገን ያለው መስመር ሁሉ ድርብ ነው። ሲኒ አቀርብበታለሁ። አላብረቀርቀውም። ያ ቡናማ ገጽ ለመምጣት ስንት ዘመን ፈጅቷል፣ በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ጉድጓዱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ሲታይ ብቻ በእንጨት ስንጥር ጫር ጫር አደርገዋለሁ።

እዚያው ሐራጅ ላይ አንድ መስቀልም ነበር። ግዕዝ ተቀርጾበታል። አልተጫረትኩም። ወሎ ውስጥ ሐራጅና መስቀል ሲገናኙ ትዝ የሚለኝ ደላንታ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን መስቀል፣ ጽዋና ብራና በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሐራጅ አሉት። ለብሪቲሽ ሙዚየም የሚጫረት ሰው ሳይቀር ነበረበት። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ስለዚህ እዚህ አገር የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ከየት ወጣ የሚለውን ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ካገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትጨምሩት። መስቀሉን ለሐራጅ ሠራተኛው ሳሳየው ገረመው፣ ወራሾቹን ጠራ። እነሱም ተነጋግረው ከዝርዝሩ አስወጡት።