ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር፦ የግማሽ ቀን ጉብኝቱ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ?

ይገባዋል። መልሱን መጀመሪያ ልስጣችሁ፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እንግባ፤ ያልወደድኩትም ስላለ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ከደሴ ለሥራ አዲስ አበባ ከመጣሁ አምስተኛ ወሬ ነው። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ለእኔ ረዳት ከታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠራቸው ስሞች ነበሩ። በምኒልክ አደባባይ በየቀኑ አልፋለሁ፣ ሐሳቤ ግን ሰዓቴ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ "አንቺ፣ እስካሁን ከቢሮና ከቤትሽ ውጪ ምን አየሽ?" ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። በቴሌግራም የሚመዘግቡ አስጎብኚዎች እንዳሉ የነገረችኝም እሷ ናት። ዋጋው ሁለት ሰው ደህና ምሳ በልቶ የሚከፍለውን ያህል ነው። በቴሌብር ከፈልኩ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ጊዮርጊስ በር ላይ ተገናኘን። ዘጠኝ ነበርን፣ ሁለቱ እናቶች ናቸው። አስጎብኚው ወጣት ነው፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዟል። ገና ስም ሳንተዋወቅ እንዲህ አለን፦ "ዛሬ የማሳያችሁ ነገር አብዛኛው አንድ ጊዜ ከቦታው ተነቅሎ የተመለሰ ነው። እሱን እያሰባችሁ ተከተሉኝ።" ያን ጊዜ አባባሉ ብዙም አልገባኝም ነበር።

የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ድረስ መዝመቱን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ይህ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ለዚያ ድል መታሰቢያ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ጣሊያኖች በ1929 እሳት ለቀቁበት። ዛሬ ውስጡ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ሥራ ላይ የአፈወርቅ ተክሌ እጅ አለበት። ጫማችንን አውልቀን እዚያ ቆመን ሳለ ማንም አላወራም።

ከዚያ ወደ ምኒልክ ሐውልት ተሻገርን። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቷል፣ ይህን እንኳ እስከዚያች ቀን ልብ አላልኩትም። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ነቅሎ ቀበረው። ቀበረው ነው የምላችሁ፣ መሬት ውስጥ። ከነፃነት በኋላ ነው ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ቦታው የተመለሰው። ይህን ስሰማ ሰውነቴን ቅዝቃዜ ወረረኝ፤ የፈረሱ እግርና የንጉሡ ፊት አፈር ለብሰው ታዩኝ።

አጠገቡ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ትኬቱ ለብቻ ስለሆነና ሰፊ ስለሆነ ጉብኝቱ ውስጥ አልተካተተም፣ ከውጭ ነው ያየነው። ይህ ተገቢ ይመስለኛል፣ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ግን አስጎብኚው ልጅ እዚያ ቆሞ ስለ ውጫሌ ሲያወራ ጆሮዬን አቆምኩ። ውጫሌ ለእኔ ወደ ወልድያ ስንሄድ አውቶቡሱ የሚያልፍባት ከተማ ናት! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚያ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ የአማርኛው ንጉሡ ቢፈልጉ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ከአንድ ግስ የተነሳው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ደረሰ። ውሉን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ከሠፈሬ መንገድ ጋር ያገናኘልኝ ሰው ግን አልነበረም።

አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጋ ብዙ አልቆየንም። ለወራሪው አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት የተገደሉ ጳጳስ ናቸው። ይህም ሐውልት ከቦታው ተነስቶ ያውቃል፣ የእሱ ግን በ2005 ለቀላል ባቡሩ ዋሻ ሲባል ነው፤ በ2008 ተመለሰ።

ቀጥሎ ያለው የፒያሳ መንገድ ከበደኝ። እኔ የመጣሁት በ2016 ብዙው ቤት ከፈረሰ በኋላ ነው። አስጎብኚው ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን የድሮ ሠፈር ሊያሳየን ቢፈልግም የሚያሳየው ነገር የለም፣ እጁን ዘርግቶ "እዚህ ጋ" እያለ ያወራል። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ ከዘራ የያዙ አባት ቆመው ሰሙትና "ልጄ፣ ትንሽ ወደ ግራ ነው" ብለው አረሙት። ከእናቶቹ አንዷ "አባባ፣ እዚህ ኖረዋል?" አለቻቸው። "ተወልጄበታለሁ" አሉ፤ ከዚያ በከዘራቸው አስፋልቱ ላይ መስመር እየሳሉ ሥጋ ቤቱን፣ የጎረቤታቸውን በር፣ የራሳቸውን በር አሳዩን። ለዚህ ሩብ ሰዓት ብቻ የከፈልኩትን እከፍላለሁ። ልጁም ደብተሩን አውጥቶ የሚሉትን መጻፉን ወደድኩለት። ጣይቱ ሆቴል አለ፣ በጥር 2007 እሳት ቢጎዳውም፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው፣ ግቢው ውስጥ ማኪያቶ ጠጥተን እግራችንን አሳረፍን።

በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን አራት ኪሎ ወጣን። አደባባዩ ሚያዝያ 27 ይባላል። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሡ ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። ይህን ልጁ ሲናገር ከመካከላችን አንዱ "እውነት?" ብሎ ሳያስበው ጮኸ። ያች ቀን በሥራ ቀን መቁጠሪያዬ ላይ በዓል ናት፣ ለምን እንደሆነች አሁን ገባኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ብሔራዊ ሙዚየምን በፍጥነት ነው ያለፍነው፣ ድንቅነሽን ለማየት ያገኘነው ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ናት፣ ሰው ትንሽ ቆም ብሎ ያያታል እንጂ! ሌላው ከዚህ የባሰ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መታወቂያ ጠየቁን፣ መታወቂያ እንድንይዝ ደግሞ ማንም አልነገረንም። አንዷ እናት ስላልያዘች ከበሩ ተመለሰች። እስከዚያ ድረስ አቀበቱን በእግሯ ወጥታ! አስጎብኚው ይቅርታ ጠይቋታል፣ ግን አንድ መስመር መልእክት ቀድሞ ቢላክ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ስለዚህ የትኛውንም አስጎብኚ ብትይዙ መታወቂያችሁን ሳትይዙ ከቤት አትውጡ።

የገቡት ግን ያዩት ነገር አለ። ግቢው የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት በውጭ አደባባዩ ላይ ባለው ሐውልት ዙሪያ ተቀርጿል። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ከፊት ለፊቱ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ፣ ከመጨረሻው እርከን በላይ፣ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከታች ሆናችሁ ካላንጋጠጣችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ፣ ያን ያህል ትንሽ ነው።

7 ሰዓት ላይ ተለያየን። ልጁ ሲሰናበተን "ለገሃር ያለውን አንበሳ አላሳየኋችሁም፣ ሩቅ ስለሆነ ነው፤ እሱም ሄዶ የመጣ ነው" አለን። በነጋታው እሑድ ብቻዬን ወረድኩ። ዘውድ የደፋ ወርቃማ አንበሳ ነው። ጣሊያኖች ሮም ወስደው አቁመውት ነበር፤ ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ሰኔ 1930 ላይ በጣሊያኖች ላይ ሰይፍ የመዘዘው እሱ ፊት ነው። ዘርዓይ አገሩን ሳያይ እዚያው ጣሊያን አረፈ። አንበሳው ግን በ1960ዎቹ አካባቢ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። ፀሐዩ እስኪከብደኝ ድረስ አጠገቡ ቆየሁ፣ ከዚያ ለእናቴ ደወልኩላትና ከውጫሌ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።