ለአያቴ ነፍጥ አዲስ አፈሙዝ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ብረት ቤት

የአያቴ ነፍጥ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፤ ዛሬ የሳሎን ጌጥ ሆኗል። ቱቦውን ዝገት ስለበላው፣ የማይተኩስ፣ ከኋላው ድፍን የሆነ ምትክ አሠራሁ። ባለ 50 ካሊበር (የቀዳዳው ስፋት 12.7 ሚሊሜትር) ወይስ ባለ 54 (13.7)? የውጪው ውፍረት እኩል ከሆነ ሰፊው ቀዳዳ ይቀላል፤ እኔ ግን የድሮው መጠቅጠቂያ ዘንግ ልክክ ስላለበት 50ውን መረጥኩ።

የብረት ቤቱ ልጅ ጥቁር ስፕሬይ ሊነፋበት ሲል «ኧረ ተው ወንድሜ!» አልኩት። ቡናማው የዝገት ቀለም ይሻላል፦ ብረቱ ሆን ተብሎ ይዝጋል፣ ይቦረሻል፣ እንደገና ይዝጋል፤ በመጨረሻ በሶዳ ውሃ ታጥቦ ዘይት ይቀባል። አያብረቀርቅም፤ አሮጌውን እንጨት አያሳፍርም። የጣና እርጥበት ለዚህ ሥራ ያግዛል፤ ካለቀ በኋላ ግን ጠላት ነው፣ ዘይቱን አትርሱ። የልጁ ሥራ ንጹሕ ነው፣ ቀጠሮ ግን አያውቅም፤ ደውላችሁ ሂዱ።