የወንድሜን ፖርትፎሊዮ ላቃናልኝ ሰው ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እስከ ዛሬ እዚህ የለጠፍኩት የቀሚስ ፎቶ ብቻ ነው። ዛሬ ግን የምስጋና ዕዳ አለብኝ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የሚባለው፣ 25 ዓመቱ ቢሆንም። ሥራው ለኮምፒውተር ጌም ቦታ መሥራት ነው። ተዋጊዎቹን ወይም ጭራቆቹን አይደለም፤ እነሱ የሚሮጡበትን መንገድ፣ ቤቱን፣ ግድግዳውን፣ ዛፉን፣ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን። ኢንቫይሮመንት አርቲስት ይባላል። ለእናቴ ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ለጎረቤት «ኮምፒውተር ላይ ቤት ይሠራል» ስለምትል ኮንትራክተር የመሰላቸው አሉ።

በዚህ ሙያ ከዲግሪ ይልቅ የሚታየው ፖርትፎሊዮ ነው አሉ። የሠራኸውን ኢንተርኔት ላይ፣ ብዙዎቹ አርትስቴሽን በሚሉት ገጽ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ቀጣሪው ገብቶ ያያል። የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች እንኳን አያስከፍሉም፤ ብሌንደር በነፃ ነው፣ አንሪል የሚሉትም ለሚማር ሰው በነፃ ነው። ገንዘብ የሚበላው ኮምፒውተሩ ነው። እሱን በእቁብ ገዛሁለት። ዕጣው ሲወጣልኝ የልብስ ስፌት ሞተር ልቀይርበት ነበር፣ ይሁን።

የተቃጠልንበትን ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። መጀመሪያ የሦስት ወር ሥልጠና ብለው ሙሉውን አስቀድመው ተቀበሉን። አሠልጣኙ የፈረንጅ ቪዲዮ ከፍቶላቸው ስልክ ሊያወራ ይወጣል፣ ተመልሶ «ጨረሳችሁ?» ይላል። መጨረሻ ላይ 12 ተማሪ 12 አንድ ዓይነት በርሜል ይዞ ወጣ። ሰርተፍኬቱ ግን ያምራል፣ ወርቃማ ጠርዝ አለው! ቀጥሎ «ፖርትፎሊዮ እናዘጋጃለን» የሚል ሰው ቀብድ ወሰደና ያሉትን 23 ሥራዎች ባንድ ላይ ጠርቅሞ ሙዚቃ አደረገበት፤ ሥራው ከመታየቱ በፊት የማሙሽ ስም በእሳት ተቀጣጥሎ ለግማሽ ደቂቃ ይዞራል። ሦስተኛው «ውጭ የማውቃቸው ኩባንያዎች አሉ» ብሎ የጉዳይ ማስፈጸሚያ ተቀበለን። ስልኩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። እግዜር ይይላቸው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ወደ 40 ቦታ አመለከተ፤ አብዛኞቹ እንኳን ሊቀጥሩት መልስም አልሰጡትም። ምግብ ቀነሰ። ማታ መብራት ሳያበራ ይቀመጣል። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቀን «ለምን ቁልፍ መትከል አላስተምርህም?» አልኩት። ፊቱን አልረሳውም።

ጋሼን ያገኘሁት በሱሪ ምክንያት ነው። ማሙሽ «ጋሼ» ስለሚለው ነው እኔም እንዲህ የምለው እንጂ በዕድሜስ ታናሼ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ሱሪ ሊያሳጥር መጣ፣ ማሙሽ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ነበር፣ እያለካሁት አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና «ይሄ በር የግመል ነው እንዴ?» አለ። ማሙሽ ተቆጣ። ጋሼ ግን ሳቅ ብሎ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው የሚያህል ምስል በሩ አጠገብ አስቆመለት፤ እውነትም በሩ ሰውየውን ሁለት ጊዜ ያህለዋል። ወንድሜ በዚያ በር ስር ሁለት ወር ኖሯል፣ ማንም አልነገረውም። ጋሼ ለካ ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ጌም ኩባንያዎች ዓመታት የሠራ ሰው ነው።

በሳምንቱ ለሱሪው ሲመጣ 23ቱንም አየ። ቡናውን እየጠጣ ምንም አልተናገረም። ከዚያ «ከእነዚህ የምታፍርበት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ማሙሽ ሰባት ቆጠረ። «ታዲያ ለምን ለቀጣሪ ታሳየዋለህ? ሰው የሚመዝንህ በደካማው ነው፤ ይሄን የሠራው ልጅ ሥራ ላይም ይሄን ያመጣብኛል ነው የሚለው።» ሲጨርሱ ሁለት ቀሩ። የፈረንጅ ግንቡ ወጣ፣ የጠፈር መርከቡ ወጣ፣ በበረዶ የተሸፈነው መንደር ላይ ሲደርሱ «በረዶ ነክተህ ታውቃለህ?» አለው። ማሙሽ «ሐምሌ ላይ የሚወርደውን» ሲል ሦስታችንም ሳቅን። ከተቃጠልን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሳቁ ሲበርድ «አንተ ያደግክበት ቤትስ የት ነው?» አለው። ዝም አልን። ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ፈርሷል። የቀሩን ስድስት ሰባት ፎቶዎች ናቸው፣ እነሱም የልደትና የሠርግ፣ ግድግዳው ከሰው ጀርባ የሚታይባቸው። ጋሼ ስኒውን አስቀመጠና ቀስ ብሎ «እሱን ሥራው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እስከ ጣይቱ ሆቴል ድረስ በእግር ይዞን ሄደ፣ የኔን የልብስ ሜትር ተውሶ። ያልፈረሱትን የድሮ ቤቶች ደረጃ ይለካል፣ የበሩን ከፍታ ይለካል፣ ሰው ያፈጠጠብን ብዛት! ግድግዳው ከጉልበት በታች ለምን እንደሚቆሽሽ ጠየቀን። እኔ ልጆች ይመስሉኝ ነበር። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጠርዝ መሬት ላይ ወርዶ ጭቃውን መልሶ ስለሚረጨው ነው። በሩ ላይ ቀለሙ የሚለቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እጅ በሚነካው ቦታ ነው። «ቆሻሻ ምክንያት አለው፣ ዝም ብለህ አትነስንሰው» አለው። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ እኔም ግድግዳ አይቼ አላልፍም።

ከሚያወሩት ዘጠኝ እጁ አይገባኝም፣ አንዱ ግን ገባኝ። የሠሩትን ቅርጽ ቀለም ለማልበስ ልክ እንደ ልብስ በስፌቱ ፈትተው ጠፍጣፋ አድርገው ይዘረጉታል። ማሙሽ ይሄን ስንት ጊዜ ተምሮ አልያዘለትም። ጋሼ ከጠረጴዛዬ ላይ የእጅጌ ቅድ አንስቶ ክንዱ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። «እህትህ ይሄን በየቀኑ ትሠራዋለች፣ እሷን ጠይቅ» አለው። ከዚያ ቤቱን በሙሉ ዳማ ዳማ ጨርቅ የመሰለ ነገር አለበሰውና ወደኔ አዞረው፦ «እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» ወዲያው ነው ያየሁት፤ አንዱ ጥግ ላይ ዳማው እንደ ላስቲክ ተለጥጧል፣ ብብቱ የጠበበ ኮት ማለት ነው። ጣቴን ቀሰርኩ። «ይኸው!» አለ። ያን ቀን ወንድሜ እኔን ያየበት ዓይን፣ ለዚህ ብቻ እንኳን ጋሼን ባመሰግነው አይበዛም።

ሊያልቅ ሲል እናታችንን አስጠራት። «እማማ፣ ይሄን ቤት ያውቁታል?» እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየች። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን «ጣሳው የታል?» አለች። በሩ አጠገብ ቆርቆሮው ስለሚያፈስ ክረምት ክረምት የዘይት ጣሳ እናስቀምጥ ነበር፣ ሁላችንም ረስተነዋል። ማሙሽ ማታውኑ ጣሳውን ሠርቶ ከስሩ የረጠበ ክብ አደረገበት።

የገጹንም አቀማመጥ እሱ ነው ያስተካከለው። ሙዚቃውና እሳቱ ቀረ። ከላይ አንድ ጥሩ ምስል፣ ቀጥሎ ቀረብ ያሉት፣ ከዚያ ያለ ቀለም ግራጫውን፣ ጥቂት የግድግዳና የመስኮት ቁርጥራጭ እየተደጋገመ ቤቶቹ እንዴት እንደተሠሩ የሚያሳየውን። ዛፎቹ ከሌላ ሰው የተወሰዱ ስለሆኑ ይሄንኑ እንዲጽፍ አዘዘው፤ ደብቆ ከመያዝ ተናግሮ መገላገል ይሻላል አለው። «ታታሪና ትጉህ» የሚለው ከሲቪው ወጣ፣ ኢሜይሉ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

ጋሼ በነፃ አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም። ግን ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል፣ በየተገናኛችሁበት ቀን ትከፍላላችሁ። እኔ ቀብድ ላውጣ ስል «እናንተ በቀብድ ተቃጥላችኋል፣ አልነካም» ብሎ እምቢ አለ። ሥራ አስገኝላችኋለሁም ብሎ አያውቅም። ይሄን የማይል ሰው ስንት ዓመት ፈልጌ ነበር መሰላችሁ!

ከአራት ወር በኋላ ሦስት ቦታ መለሱለት፣ አንዱ ፈተና ሰጠው፣ አለፈ። የሦስት ወር ኮንትራት ነው፣ ቋሚ አይደለም፣ ለኛ ግን ትልቅ ነው። በቪዲዮ ሲያነጋግሩት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጣሳው ነው አሉ። እናቴ ጎረቤት ሁሉ ዘንድ «ጣሳዬ አስቀጠረው» እያለች ነው።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበብክ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ልጆችህ ይባረኩልህ። እናንተም እንደ ማሙሽ ዓይነት ወንድም ወይም እህት ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ ከየትም ከመክፈላችሁ በፊት ለዚህ ሰው አሳዩት፤ እባካችሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው የሚመቸው፣ ላፕቶፕ ስትይዙ ቻርጀሩን አትርሱ፣ እዚህ መብራት እንደምታውቁት ነው። ሱሪ የሚያሳጥር ካለም እኔ አለሁ።