በደሴ ተዳፋት ሰፈር የተሠራ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፦ ግንባታውና የገንዘቡ አመዳደብ ሲመዘን

ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ሰፈራችን በነዋሪው መዋጮና በመንግሥት በጀት የተሠራው የጎርፍ መውረጃ ቦይ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል። ስለዚህ ገንዘብ ላዋጡት ጎረቤቶቼም ሆነ በደሴና በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ለሚዘጋጁ ሰፈሮች የሚጠቅም ምዘና ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ግንባታው በጥቅሉ ጥሩ ነው። ገንዘቡ የተሰበሰበበትና የተመደበበት መንገድ ግን የግንባታውን ያህል አልታሰበበትም።

ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ትልቁ ድርሻም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በአንድ ሄክታር ቦታ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር መጠን የሚዘንብ ዝናብ በአንድ ሰዓት 500 ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ሲሆን፣ ቦታው በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በኮብልስቶንና በሲሚንቶ የተሸፈነ ከሆነ ከዚህ ውኃ አብዛኛው ወደ መሬት ሳይሰርግ በቀጥታ ወደ ቦይ ይገባል። ቀድሞ የነበረው የአፈር ቦይ ይህን ሊሸከም ባለመቻሉ ጎርፉ በየዓመቱ የግቢ አጥር ሥር ይቦረቡር ነበር። አዲሱ ቦይ በድንጋይ ግንብ የተሠራ፣ ወለሉ በኮንክሪት የተለበጠ፣ በቁልቁለቱ ላይም በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ደረጃው የሚያስመሰግን ውሳኔ ነው፤ በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ወለሉ ያለ ደረጃ ቢዘረጋ ኖሮ ውኃው እየፈጠነ ሄዶ የቦዩን ጫፍ ከሥሩ ይፈነቅለው ነበር። በመኪና መግቢያዎች ላይ የተጣሉት የኮንክሪት ክዳኖችም እስካሁን አልተሰነጠቁም። ቅር ያሰኘኝ፣ ክዳኖቹ የሚነሱበት መያዣ ስላልተሠራላቸው ለጽዳት ለማንሳት ብዙ ሰውና ዲጅኖ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው።

ይህ ጉድለት ትንሽ ቢመስልም በቦዩ ዕድሜ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ትልቅ ነው። ከላይ ከተራራው ተጠርጎ የሚመጣው አፈርና ጠጠር፣ ከመንደሩ ከሚጣለው ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የጫት ገራባ ጋር ተደባልቆ በክዳኖቹ ሥር ይቀመጣል። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ስፋትና ስልሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ደለል ቢተኛ፣ የቦዩ ውኃ የማሳለፍ አቅም በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የውኃው መተላለፊያ ከመጥበቡ በላይ ውኃው ከግድግዳውና ከወለሉ ጋር የሚፈጥረው ፍትጊያ ድርሻው ይጨምራል። ስለዚህ ያልተጠረገ ቦይ ማለት ከተከፈለበት ገንዘብ ከሦስት አንድ በላይ ያለ ሥራ የተቀመጠበት ቦይ ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ለከተሞች መሠረተ ልማት ከሚውለው ገንዘብ መካከል የዓለም ባንክ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ያጸደቀውና 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም አንዱ ነበር፤ ከባንኩ በኩል የተመደበለትም 600 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡ ለየከተማው የሚለቀቀው በአፈጻጸም ውጤት ተመዝኖ፣ ክልሎችና ከተሞችም የራሳቸውን ድርሻ ጨምረውበት ነው። ይህን ያነሣሁት እንዲህ ያለ ትልቅ ፕሮግራም ዋና መንገዶችንና ዋና ቦዮችን ሊደርስ ቢችልም፣ በየመንደሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ቦይ በአብዛኛው በነዋሪው መዋጮ ላይ የሚወድቅ መሆኑን ለማስገንዘብ ነው። በእኛ ሰፈር መዋጮውን የሰበሰበው ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያምነው ማኅበር በመሆኑ ገንዘቡ ያለ ጭቅጭቅ ተሰብስቧል፤ ደረሰኝ ተቆርጧል፣ ሒሳቡም በአባላቱ ፊት ተነቧል። በዚህ ረገድ ሌሎች ሰፈሮች እንዲከተሉት ሳልጠራጠር እመክራለሁ።

መዋጮው ለእያንዳንዱ አባወራ እኩል መደረጉን ግን አልደግፍም። አንዲት በቀበሌ ቤት የምትኖር እናት የከፈለችውን ያህል፣ ግቢውን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ አስለብሶ የሰፊ ጣሪያውን ውኃ ወደ መንገድ የሚለቅ ባለ ሕንፃ ከፍሏል። በአሜሪካ የምትገኘው ቤልቪው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 የዝናብ ውኃን የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ አገልግሎት አቋቁማ ክፍያውን በይዞታው ስፋትና በግንባታው መጠን አስልታለች። እኛ ለዚህ የተራቀቀ ልኬት አያስፈልገንም፤ የጣሪያና የተለበጠ ግቢ ስፋትን በሦስት ደረጃ ከፍሎ መዋጮውን በዚያው መወሰን የቅሬው ዳኛና የልማት ኮሚቴው በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሱት የሚችሉት ሥራ ነው።

ከሁሉም የከበደው ችግር ለጽዳትና ለጥገና አንድም ብር አለመመደቡ ነው። የተሰበሰበው በሙሉ ለሲሚንቶ፣ ለአሸዋ፣ ለድንጋይና ለግንበኛ ወጥቷል። ለጽዳቱ የመንግሥት በጀት ይጠበቃል ቢባል እንኳ፣ የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን፣ ማለትም ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። አዲሱ በጀት ተለቅቆ፣ ግዥው ተፈጽሞ፣ ሠራተኛ እስኪሰማራ ድረስ ክረምቱ ያልፋል። ቦዩ መጠረግ ያለበት ግን በግንቦት፣ የድሮው በጀት በሚያልቅበት ሰሞን ነው። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው በጥር ወር ሌላ ዙር ያስፈልጋል። ይህን የገንዘብና የዝናብ አለመገጣጠም ሊፈታ የሚችለው ከመንግሥት በጀት ውጭ የተቀመጠ፣ በትንሽ በትንሹ በየወሩ የሚሞላ፣ በቅሬው ሒሳብ ውስጥ ለብቻው የሚያዝ የጽዳት ገንዘብ ነው። በዘመቻ ይጠረጋል የሚለውን ተስፋ አልቀበለውም፤ ዘመቻ የላይኛውን ቆሻሻ ያነሣል እንጂ በክዳን ሥር የተኛውን ደለል አይነካም።

የቦዩ መጨረሻም ሊታሰብበት ይገባል። የደሴ ውኃ በቦርከና ወንዝ በኩል ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ወደምትገኘው ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እኛ ከመንደራችን በፍጥነት ያስወጣነው ጎርፍና ፌስታል እዚያ ላሉ ወንድሞቻችን ይደርሳቸዋል። ስለሆነም ከተዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ከሰፈሩ በላይ ባለው ተዳፋት ለእርከን፣ ለክትርና ለችግኝ ቢውል ደለሉ ከምንጩ ይቀንስ ነበር። በዋጋውም ቢሆን ድንጋይ ክቦ አፈርን ባለበት መያዝ ከቦይ ውስጥ በአካፋ ከማውጣት ይረክሳል።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ሰፈሮች የምመክረው ውል ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ነገሮችን እንዲጠይቁ ነው። የመጀመሪያው የክዳኖቹ አሠራር ሲሆን፣ ሁለት ሰው ሊያነሣቸው የሚችል ክብደትና መያዣ እንዲኖራቸው በሥራ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው የርክክቡ ጊዜ ነው። ጊዜያዊ ርክክብ በሰኔ መጨረሻ ሊደረግ ይችላል፤ የመጨረሻው ርክክብ ግን አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ፣ የሰፈሩ ተወካዮች ከባለሙያው ጋር ክዳን እያስነሱ ወለሉን በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ይሁን፤ ለሠሪው ማኅበር የተያዘው የዋስትና ገንዘብም እስከዚያ ድረስ አይለቀቅ።